ቡሄ ሲያልፍ ወደ ቦንጋ

ነሐሴ 11፦ ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ

ሰው ሁሉ "በዚህ ክረምት?" ብሎን ነበር። ወንድሜ መንገድ ላይ እንዳንቀር ሰጋ። አክስቴ ለእማዬ ብርዱን ፈራችላት። ጎረቤቶቻችን ደግሞ "አደይ ሲፈነዳ፣ መስቀል ሲደርስ ብትሄዱ ምን አለበት?" አሉን። እማዬ ግን ቦንጋን በበጋ ማየት አልፈለገችም። "ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ የክረምቱ ነው" አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ቦንጋ የተወለድኩባት ሳትሆን ያደግኩባት ከተማ ናት። አባዬ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ምድቡ ቦንጋ ሲደርሰው ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። ይህ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። ነፍስ ያወቅኩት፣ ፊደል የቆጠርኩት፣ ዝናብ ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው። አባዬ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባ ዝም ትላለች። ዘንድሮ ዝምታዋን ሰበረችና "ውሰጂኝ" አለችኝ።

አየር ጤናን፣ ዓለም ገናን፣ ሰበታን አልፈን ወጣን። ያካፋል። የሚኒባሱ መስታወት በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ውጭ ታያለች። ረዳቱ "ማዘር፣ በረደዎት? መስኮቱን ልዝጋው?" አላት።

"ተወው ልጄ፣ ይሽተተኝ።"

የበቾ ሜዳ በነሐሴ ውኃ ለብሶ ነው የሚገኘው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። አንዴ ከጠገበ ውኃ አያሳልፍም፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ይተኛል። ጤፉ ገና ቀጭን አረንጓዴ ነው። ሽምብራውና ጓያው ደግሞ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እነሱ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ አፈሩ ያስቀረው እርጥበት ብቻውን ያደርሳቸዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ አባዬ ነው። መንገድ ላይ ከሆንን ያስተምራል፤ ዝም ብሎ መሄድ አይችልም ነበር።

ወሊሶ ላይ የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዛን። እማዬ ፍልሰታን ስለምትጾም ይህ ለእሷ ምሳም ሆነ። ከወሊሶ በኋላ እንሰቱ እየበዛ ይመጣል። ወልቂጤ ስንደርስ ዶፍ ይወርድ ነበር። የያዝነው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ መነጋገር አልቻልንም። እማዬ ግን ጠዋት ላይ "እንደ ዛሬ ተኝቼ አላውቅም" አለች።

ነሐሴ 12፦ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠመዘዘ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ብርዱ ቀረ። ሰው ሁሉ ካፖርቱን አወለቀ። ወንዙ ሞልቶ፣ ቀልቶ፣ ግንድ እየገፋ ይሄዳል። ሹፌሩ ድልድዩ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ መኪናው ውስጥ ወሬ ቆመ።

ጊቤ ወርዶ ወርዶ ኦሞ ይሆናል። ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወደ ቦንጋ ሲሄዱ የሚገኘው ጎጀብም እዚያው ኦሞ ውስጥ ይቀላቀላል። አባዬ ግድግዳው ላይ በሰቀለው ካርታ በጣቱ እየተከተለ ያሳየን ነበር። "እናንተ ግቢ የወረደው ዝናብ ቱርካና ይገባል" ይለናል። እኔና ወንድሜ ከደብተር ወረቀት ጀልባ ሠርተን ጎርፍ ላይ እንለቅቅ ነበር። ቱርካና እንደሚደርስልን አልተጠራጠርንም። የአጥሩን ጥግ ዞሮ ከዓይናችን ሲጠፋ "አሁን ጎጀብ ደርሷል" እንባባላለን።

ክረምት ላይ ግን አባዬ ቤት አልነበረም። የመምህር ልጅ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል። ሰኔ ላይ ለተማሪው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለአስተማሪው ይከፈታል። ክረምት ኮርስ ይባላል። ሰርተፊኬት ያለው ለዲፕሎማ፣ ዲፕሎማ ያለው ለዲግሪ ክረምት ክረምት ይማራል። በየዓመቱ ሁለት ወር እየተማሩ ዲግሪ መያዝ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት። አባዬ ሐምሌ ሲገባ በዚህ በዛሬው መንገዳችን በተቃራኒው ይመጣ ነበር። ከቦንጋ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ። ለጳጉሜ ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ ዝናብ ለእኔ የአባዬ አለመኖር ነው። ዛሬም ሰማዩ ጠቁሮ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ፣ ምክንያቱን ሳላውቀው በሩን አያለሁ። አሁን ጠብቄው የሚመጣ ሰው የለም። ዓይኔ ግን ይሄዳል።

ሰኮሩን ካለፍን በኋላ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ በግራና በቀኝ ሲያብለጨልጭ ታየን። ደነባና አሰንዳቦ አካባቢ ዝናቡ አባርቶ ጸሐይ ወጣች፤ ትንሽ ቆይቶ ጸሐይዋ እያለች መዝነብ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ "ጅብ ወለደች!" ብላ ጮኸች። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እማዬም ሳቀች፤ ከአዲስ አበባ ከወጣን ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ጅማ የገባነው ለቡሄ ዋዜማ ነው። ሲመሽ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ያረፍንበት ቤት በር ላይ መጡ። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። አንዱ ራሱ ላይ ፌስታል አጥልቋል። ዱላቸውን መሬት ላይ ሲመቱት ጭቃው ይረጫል እንጂ ድምፅ የለውም። እነሱ ግን ዜማውን አላጎደሉም። እማዬ ብር ሰጠቻቸው። መርቀዋት ሄዱ። በሩን ዘግታ ከተቀመጠች በኋላ "አባትሽ በየደብዳቤው መጨረሻ የሚጽፋትን ታስታውሺያለሽ?" አለችኝ።

አስታውሳለሁ። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት።" ልመጣ ነው ማለቱ ነበር። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ይነበብና እዚያ ሲደረስ እኔና ወንድሜ እንዘላለን። አባዬ የደገኛ ልጅ ነው፤ እሱ ያደገበት አገር ቡሄ ካለፈ በእርግጥም ዝናቡ ይቀንሳል። ቦንጋ ግን ሌላ ናት። እርጥብ አየሩ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል መጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው የደቡብ ምዕራቡን ተራራ ነው። ዝናቡ እዚህ ቀድሞ ይጀምራል፤ ዘግይቶም ይወጣል። ከበልግ ተያይዞ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። እኛ ዝናቡ ሲቆም አባዬ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። ዝናቡ አይቆምም። እሱ ግን በዝናቡ ውስጥ፣ ካፖርቱ እርጥብ እርጥብ እየሸተተ፣ ከረጢቱን ተሸክሞ ይመጣል። ደብተር፣ እርሳስና ደስታ ከረሜላ ይዞ።

ነሐሴ 13፦ ጅማ

ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ አስበን ነበር። ቀኑን ሙሉ አላባራም። እማዬ የእግሯ ቁርጥማት ተነሣባት። ቀኑን ክፍል ውስጥ አሳለፍን። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋብ ሲል ወጥቼ አንድ የጅማ በርጩማ ገዛሁ፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር። ቦንጋ የምንሄድበት ቤት ባዶ እጃችንን እንዳንገባ ነው።

ነሐሴ 14፦ ከጅማ ቦንጋ

ዛሬ አስፋልት ነው። ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የኔ ትዝታ ሁሉ ጭቃ ነው።

ያኔ ከጅማ ቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚያልፈው መንገድ ክረምት ላይ ቀኑ አይታወቅም ነበር። አውቶቡስ ሲጠፋ ሰው የሚሳፈረው ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነው፤ ከጭነቱ በላይ፣ ሸራ ተከናንቦ። መኪናው ጭቃ ሲይዘው ወንዱ ወርዶ ይገፋል፣ ድንጋይ ይለቅማል፣ ቅጠል ይጎዘጉዛል። ካልወጣ እዚያው ይታደራል። አባዬ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ የሆነው ለዚህ ነው። እማዬ ያንን ሱሪ አመድ በገባበት ውኃ ዘፍዝፋ ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ውኃው ሲቀላ "መንገዱን አጠብሺው" እላት ነበር።

ሸበን አልፈን ወደ ጎጀብ ወረድን። ድልድዩን ስንሻገር እማዬ አማተበች። ከጎጀብ በኋላ ከፋ ነው። መንገዱ ሽቅብ ሲጀምር ጫካው ይቀበላል። ጉሙ ከዛፎቹ መካከል ይወጣል፤ ደመናው ወደ ታች ይመጣል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል። ዛፎቹ ሽበት አብቅለዋል፤ ከቅርንጫፎቹ ሁሉ ላይ ሽበት ይንጠለጠላል። ከፍ ያሉት ዛፎች ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። አንድ ቦታ ላይ ጉሬዛዎች ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው ብቻ ጎልቶ ታየ። እማዬ ክንዴን ይዛ "አሉ!" አለች። ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ብዙ ነገር ተለውጦ፣ ብዙ ሰው ሞቶ፣ እነሱ መኖራቸው በጣም አስደሰታት። እኔንም።

ይህ ጫካ የቡና መገኛ ነው። ቡናው በዱር፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን ችሎ ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከፋን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ለዚህ ደን ነው። ዝናቡ ከሌለ ደኑ የለም፤ ደኑ ከተመነጠረም ቡናው ጥላውን፣ አፈሩም እርጥበቱን ያጣል። ልጅ ሆኜ ዝናቡን እረግመው ነበር፤ አባዬን የወሰደብኝ ስለሚመስለኝ። ዛሬ በመስኮት ሳየው ምንም አላልኩትም። ዝም ብዬ አየሁት።

ጊምቦን አልፈን ቦንጋ ስንገባ ቀትር ነው። ከተማዋ አድጋለች። ባጃጅ ሞልቷል። ሽቅብና ቁልቁሉ ግን ያው ነው። እማዬ ባጃጅ አልፈልግም ብላ በእግሯ ሄደች። ቁርጥማቱን ረስታዋለች።

ነሐሴ 15፦ ቦንጋ

ቤታችን ቆሟል። ቆርቆሮው ተቀይሯል። አሸንዳ ተሠርቶለታል፤ ድሮ በርሜሉን በቀጥታ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ነበር የምናስቀምጠው። አሁን የሚኖሩበት ባልና ሚስት በደስታ አስገቡን። እማዬ ሳሎኑ መካከል ቆማ ጣሪያውን አየች። "እዚህ ጋ ባልዲ፣ እዚያ ጋ ሳፋ፣ አልጋው ላይ ደግሞ ጣሳ" አለች። የሚያፈሱ ቦታዎችን አንድ በአንድ ታስታውሳለች። እኔ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ጣሳው ሲሞላ ድምፁ እየወፈረ ይሄድ ነበር። ለእኔ ሙዚቃ ነበር፤ ለእሷ ሌሊት እየተነሣች የምትደፋው ውኃ ነው።

ከዚያ አጥር ለአጥር ወደነበሩት ጎረቤታችን ሄድን። እኛ ልጆቹ "ትልቋ እማማ" እንላቸው ነበር። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። እማዬን በድምፅዋ አወቋት። ተቃቅፈው ቆሙ። ማንም ሊለያያቸው አልደፈረም። በርጩማውን ሰጠኋቸው፤ ዳበሱትና እላዩ ላይ ተቀመጡ። "የመምህር ልጅ ነሽ አይደል? ነይ እስኪ ቅረቢኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ፊቴን በእጃቸው አዩት።

ቡና ተፈላ። ቆሎ ቀረበ። ውጭ ይዘንባል። ስለ አባዬ ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያም ጠየቁ።

"ያ በኮባ ቅጠል ያሻገርነውስ ልጅ? ደህና ነው?"

እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

ያቺን ሌሊት አስታውሳታለሁ። ከክረምት ትዝታዎቼ ሁሉ የምወዳት እሷን ነበር። እማዬ ወንድሜን አዝላ፣ ትልቋ እማማ ሰፊ የኮባ ቅጠል ከላያቸው ይዘው፣ እኔ ፋኖስ ይዤ ከኋላ። ጠብታው ኮባው ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። ፋኖሱን እኔ እንድይዝ ስለተፈቀደልኝ ኮርቻለሁ። ጥየቃ የምንሄድ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ለልጆቼ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ! "በኮባ ጃንጥላ ሌሊት ሽርሽር ስንሄድ" እያልኩ።

"ሳንባ ምች ነበር" አለች እማዬ። "ትንፋሹ ይቆራረጣል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንቺን ብቻሽን ጥዬሽ መሄድ ስላልቻልኩ ፋኖሱን አስያዝኩሽ።"

ጤና ጣቢያው በር ሲያንኳኩ ዘበኛው ተኝቶ ነበር። ትልቋ እማማ በሩን በድንጋይ ደበደቡት። ነርሷ ከቤቷ ተጠርታ መጣች። መርፌ ተወጋ። እስኪነጋ እማዬ ደረቷ ላይ አድርጋው ተቀመጠች፤ ትልቋ እማማ እኔን ጭናቸው ላይ አስተኙኝ።

"ለአባዬ ነገርሽው?"

"ምን ብዬ? ደብዳቤው ስድስት ኪሎ እስኪደርስ ልጁ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። አባትሽ ደግሞ ትምህርቱን ጥሎ ነበር የሚመጣው። አውቀዋለሁ።"

"ከመጣ በኋላስ?"

"ከመጣ በኋላማ ልጁ ይሮጥ ነበር።"

ትልቋ እማማ ሳቁ። እማዬም ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ክረምት በመጣ ቁጥር ስናፍቅ የኖርኩት በመንገድ ላይ ያለውን ሰው ነው። አጠገቤ ያለችው ሰው አትናፈቅም። እሷ ጣሳውን ትደፋለች፣ እርጥብ እንጨት እፍ እያለች ዓይኗ ይቀላል፣ በውክልና የአባዬን ደመወዝ ለመቀበል በጭቃው ትወጣለች፣ ማታ ደብዳቤውን እያነበበች እንድንዘል ታደርገናለች። ዝናቡ ሁሉ የወረደው በእሷ ላይ ነው። ይህንን ለማወቅ ይህን ያህል ዕድሜ መፍጀቱ ያመኛል።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "አገናኚኝ" አለኝ። ስልኩን ለእማዬ ሰጥቻት ወደ በረንዳ ወጣሁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ነሐሴ 16፦ ፍልሰታ

ጾሙ ተፈታ። ትልቋ እማማ ቤት ዶሮ ተሠራ፤ ቆጮውም፣ ማሩም ቀረበ። ሰው ሲሰማ ሰው ይዞ ይመጣል። አባዬ ያስተማራቸው፣ ዛሬ ራሳቸው ጡረታ የወጡ ሰዎች መጡ። አንደኛው የካርታውን ነገር አነሡ። ሌላኛው አባዬ በመስኮት ዝናብ ሲመጣ ካየ ትምህርቱን አቁሞ "ይህ ደመና ከየት መጣ?" ብሎ እንደሚጠይቃቸው ነገሩን። ይህንን አላውቅም ነበር። እቤት ያስተማረንን እዚያም ያስተምር ነበር፤ ወይም እዚያ ያስተማረውን ለእኛ ይዞ ይመጣ ነበር። እማዬ አንዳንዱን ወሬ ስትሰማ ቀና ብላ "እኔም አላውቅም!" ትላለች። ደስታዋን ማየት ነበረባችሁ።

ነሐሴ 17፦ ወደ ጅማ

ጠዋት ሻንጣዋን ልዘጋላት ስል "ተይው" አለችኝ። እስከ መስቀል ልትቆይ ነው። ትልቋ እማማ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ለእነሱ ነገሩ ትናንት ተወስኗል፤ የቀረው ለእኔ መንገር ብቻ ነበር። መከራከር ጀምሬ ተውኩት። "እዚህ ይዘንባል" አልኳት በመጨረሻ። "አውቃለሁ" አለች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞሬ አየኋት፤ ጃንጥላዋን ይዛ ከሹፌሩ ረዳት ጋር ስለ እኔ ታወራለች፣ አደራ ትለዋለች መሰለኝ። አባዬ በየዓመቱ ያየው ይህንን ነበር። ጫካውን ስናልፍ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበሩት አባት ምንም ሳይጠይቁ ሶፍት አቀበሉኝ።

ጎጀብ ላይ ኔትወርክ ሳገኝ ደወልኩላት። አባዬ ይህ ዕድል አልነበረውም።

"ደረስሽ?"

"ጎጀብ ነኝ።"

"ሞልቷል?"

"ሞልቷል፤ ግን መንገዱ ደህና ነው።"

"በይ ስሚ። ለመስቀል ስትመጪ ቦቲ ጫማ አምጪልኝ፣ ቁጥር 38። ለእትዬ ደግሞ ወፍራም ጋቢ። ወንድምሽንም ይዘሽው ነይ፤ እትዬ ካልዳበስኩት አላምንም ብለዋል።"